ሰባቱ ከዋክብት በ8 ኢንች ዶብሶኒያን፦ ግማሻቸው ለምን ይቀራል? ጭሱስ ምንድን ነው?

ሰማይ_ጠቀስ (አዲስ አበባ፣ አያት)

ሰላም ለሁላችሁ። መሣሪያው 8 ኢንች ዶብሶኒያን ነው፣ በሚሽከረከር መሠረት ላይ የተቀመጠ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ፤ የመስታወቱ ስፋት 203 ሚሊሜትር፣ ፎካል ርዝመቱ 1200። አብረውት የመጡት አይፒሶች (ዓይን የሚጠጋባቸው ሌንሶች) 25 እና 10 ሚሊሜትር፣ ፕሎስል የሚባለው የተለመደ ዓይነት፣ ናቸው።

የምጠይቀው ስለ ሰባቱ ከዋክብት ነው፣ በካታሎግ ስማቸው ኤም 45። በባዶ ዓይን ስድስቱ ይቆጠራሉ። በ25ቱ አይፒስ ግን ደማቆቹ እዚህም እዚያም ተበትነው ይታያሉ እንጂ ዘለላ አይመስሉም፤ አንዱን ጫፍ ሳስገባ ሌላው ይወጣል። በ10ሩማ ሁለት ሦስት ኮከብና ጨለማ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ የተገጠመው ትንሹ ፋይንደር (መፈለጊያው) ከዋናው ቴሌስኮፕ የተሻለ ያሳያል፤ ይህ እንዴት ይሆናል?

ሁለተኛ፣ በደማቆቹ ዙሪያ ስስ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ፎቶ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣው ኔቡላ (የሰማይ ደመና) ይህ ነው ወይስ መስታወቱ ቆሽሾ ነው? ሦስተኛ፣ ዘለላው ወደ አናት ሲጠጋ ዶብሶኒያኑን ማዞር ያስቸግራል፣ በፋይንደሩ ለማየትም አንገት ይሰበራል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ።

ባለ_ሌንስ

ቴሌስኮፕህ ጤነኛ ነው። ዘለላው ነው የሰፋብህ።

ከዘለላው ደማቆች ከአትላስ እስከ ኤሌክትራ፣ ማለትም ከጭራው ጫፍ እስከ ማዶ ጫፍ፣ 1 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ደብዛዛዎቹን አባላት ስትጨምር ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል፤ አራት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብትደረድር ማለት ነው። 25ቱ ፕሎስል በአንተ ቴሌስኮፕ 48 እጥፍ ያጎላል፣ የሚያሳይህ የሰማይ ስፋትም 1 ዲግሪን ጥቂት ብቻ ያልፋል። ደማቆቹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልተውት ዙሪያቸው ጨለማ ሰማይ አይተርፍም። ዘለላ ደግሞ ዘለላ የሚመስለው ዙሪያው ባዶ ሲሆን ነው። እኔ የምለው፣ የእይታ ክልሉ ከዘለላው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይስፋ፤ ለደማቆቹ ይህ ወደ 1 ዲግሪ ተኩል ያደርሰናል። ፋይንደርህ 9 በ50 (9 እጥፍ የሚያጎላ፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር) ከሆነ 5 ዲግሪ ያህል ያሳያል። ለዚህ ዘለላ ከዋናው መብለጡ ስለዚህ አይግረምህ።

ስፋቱን አስቀድመህ ለማስላት፣ አይፒሱ ውስጥ ያለውን የመጨረሻ ቀለበት (ፊልድ ስቶፕ የሚሉትን) ስፋት በሚሊሜትር ወስደህ ለፎካል ርዝመቱ አካፍልና በ57.3 አባዛ። ቱቦው 1.25 ኢንች በሆነ አይፒስ ውስጥ ከ27 ሚሊሜትር የሰፋ ቀለበት አይገባም፣ ቱቦው አይፈቅድም። ስለዚህ 27 ለ1200 ሲካፈል፣ በ57.3 ሲባዛ፣ 1.29 ዲግሪ። በዚህ ቴሌስኮፕ በ1.25 ኢንች ልታገኘው የምትችለው ጣሪያ ይኸው ነው። 32 ሚሊሜትር ፕሎስል እዚያ ጣሪያ ላይ ያደርስሃል። በ2 ኢንች ግን 30 ሚሊሜትር ባለ 70 ዲግሪ አይፒስ 40 እጥፍ እያጎላ 1.75 ዲግሪ ገደማ ይሰጥሃል፤ 38 ሚሊሜትሩ በ32 እጥፍ 2.2 ዲግሪ።

ሻጩ የሚናገረውን ስፋት ማመን ካልፈለግህ ራስህ ለካው። አልሲዮንን፣ የሁሉንም ደማቅ፣ በእይታው ምሥራቅ ጠርዝ አስገባት፤ ቱቦውን አትንካ፤ መሃሉን አቋርጣ በሌላው ጠርዝ እስክትወጣ በስልክህ ሰዓት ያዝ። ሰከንዱን ለ4 አካፍለህ በ0.91 ብታባዛ ስፋቱን በቅስት ደቂቃ ታገኛለህ። 60ው አንድ ዲግሪ ነው። 0.91 የመጣው ዘለላው ከሰማይ ወገብ 24 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስላለ ነው፤ እዚያ ያለ ኮከብ ወገቡ ላይ ካለው ትንሽ ቀስ ብሎ ይጓዛል።

2 ኢንች ስትገዛ ሦስት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፣ ብዙዎቹ ዶብሶኒያኖች ሁለት መያዣ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱ ለ1.25 አንዱ ለ2 ኢንች። አንዳንዱ ላይ ሁለቱ ተደራርበው ይገጠማሉ፣ ሰውም ሳያውቅ እንዲሁ ይጠቀማል፤ ያኔ አይፒሱ ከሚገባው በላይ ወደ ውጭ ይርቅና ፎከስ እምቢ ይላል። 2 ኢንቹን ስታስገባ የ1.25ቱን አውጣ።

ሁለተኛ ክብደቱ። ሰፊ 2 ኢንች አይፒስ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ የቱቦውም አፍንጫ ይወድቃል። ቱቦው ብረት ከሆነ ከታች፣ ከመስታወቱ በኩል፣ ጠንካራ ማግኔት መለጠፍ ነው። እያንሸራተትክ ሚዛኑን ታገኛለህ።

ሦስተኛ የጠርዝ ኮከቦች። ኤፍ 6 ላይ (ፎካል ርዝመቱ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል 6 ገደማ ነው) ርካሽ ሰፊ አይፒስ ጠርዙን አያጠራም፣ ኮከቡ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላል። ሰው ይህን አይቶ መስታወቱን መፍታት ይጀምራል። መጀመሪያ ጠርዝ ላይ ያለውን ኮከብ ብቻ እያየህ ፎከሱን ትንሽ ወዲያ ወዲህ አድርገው። ከጠራ የእይታው ገጽ ጎብጦ ነው፣ ብዙም አያስጨንቅ። መስመር ሆኖ ተዘርግቶ ከፎከሱ ማዶ ሲሻገር መስመሩ 90 ዲግሪ ከዞረ አይፒሱ ነው። ጭራ አውጥቶ ጭራው ሁልጊዜ ከመሃል ወደ ውጭ የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ ኮማ ነው፣ የፓራቦላ መስታወት ተፈጥሮ። መሃል ላይ ያለ ኮከብም ጭራ ካወጣ፣ ያኔ ኮሊሜሽን፣ ማለትም መስታወቶቹን በትክክል ማሰለፍ፣ ያስፈልጋል።

የእንጦጦ_ብርድ

ይህን ሁሉ ሂሳብ ምን አመጣው? 40 ሚሊሜትር ፕሎስል ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ ከ32ቱ የበለጠ ይሰፋልሃል። ጭሱ ደግሞ ያው ኔቡላው ነው፤ የኔቡላ ፊልተር ብትጨምርበት ጎልቶ ይወጣል።

ጎህ_ቀዳጅ

የእንጦጦ ብርድ ወንድሜ፣ በሦስቱም አልስማማም።

40 ሚሊሜትር ፕሎስል በ1.25 ኢንች ቱቦ ውስጥ ያው 27 ሚሊሜትር ቀለበት ነው ያለው። 30 እጥፍ ያጎላል፣ የሰማዩ ስፋት ግን ከ32ቱ ጋር እኩል ነው። የተለየው፣ ያንኑ ሰማይ በጠባብ ቀዳዳ እንደምታይ ሆኖ መታየቱ ነው። ከዚያም በላይ ከአይፒሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ 6.7 ሚሊሜትር ይሆናል (አይፒሱን ለኤፍ ቁጥሩ ማካፈል ነው፣ 40 ለ6)። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው ብሌኑ በጨለማም ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይከፈትም፤ የሰበሰብከው ብርሃን ከብሌኑ ውጭ ይፈስሳል። በከተማ ደግሞ የሰማዩን ዳራ ያነጣዋል። ለአያት ሰማይ 30 ሚሊሜትሩ፣ የ5 ሚሊሜትር ክብ የሚሰጠው፣ ይሻላል።

ፊልተሩ ደግሞ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የኔቡላ ፊልተር የሚሠራው ጋዙ ራሱ በጥቂት የተወሰኑ ቀለሞች ሲያበራ ነው፣ እንደ ኦሪዮን ኔቡላ። በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ ያለው አቧራ ነው፤ የራሱ ብርሃን የለውም፣ የኮከቦቹን ብርሃን እየመለሰ ነው የሚታየው። ቬስቶ ስላይፈር እ.ኤ.አ. በ1912 በሎዌል ኦብዘርቫቶሪ ከዘለላው ደማቆች አንዷ በሆነችው በሜሮፔ ዙሪያ ያለውን ኔቡላ ስፔክትረም (የብርሃኑን ቀለማት ዝርዝር) ሲያነሳ ከኮከቧ ስፔክትረም ጋር አንድ ሆኖ ያገኘው ለዚህ ነው። ፊልተሩ ታዲያ ኮከቡንም ኔቡላውንም እኩል ያደበዝዛል። አቧራው የዘለላው የትውልድ ጉም ተርፎ አይደለም፤ ከዋክብቱ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው፣ የተወለዱበት ጉም ድሮ ተበትኗል። በመንገዳቸው ላይ ያጋጠማቸው ሌላ ደመና ነው።

አሁን ወደ ጭሱ። ሰማይ ጠቀስ፣ ከአያት፣ በመንገድ መብራት መሃል፣ በሁሉም ደማቆች ዙሪያ እኩል የሚታይ ክብ ጭስ ኔቡላ የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም።

አልደባራንን እይ፣ ከዘለላው በስተምሥራቅ ያለውን ቀይ ደማቅ ኮከብ። ዙሪያው እንዲህ ያለ ኔቡላ የለም። ያው ጭስ እሱንም ከከበበው ጥፋቱ ከአንተ ወገን ነው፦ ጤዛ፣ የትንፋሽ እንፋሎት፣ የዓይን ሽፋሽፍት ቅባት፣ ወይም ስስ ደመና። ከዚያ እዚያው ዘለላ ውስጥ አትላስን ከሜሮፔ ጋር አወዳድር። አትላስ ይደምቃል፣ 3.6 ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል)፤ ሜሮፔ 4.2 ናት። ጭሱ ከአንተ ወገን የመጣ ከሆነ በአትላስ ዙሪያ ይበልጣል። እውነተኛው ኔቡላ ከሆነ ግን በሜሮፔ ይበልጣል፣ ክብም አይደለም፤ ከኮከቧ ወደ ደቡብ እንደ ማራገቢያ እየሰፋ የሚወርድ፣ ግማሽ ዲግሪ የሚጠጋ ስስ ብርሃን ነው። በመጨረሻ አይፒሱን መያዣው ውስጥ እንዳለ አሽከርክረው። የጭሱ ቅርጽ አብሮ ከዞረ አይፒሱ ላይ ነው ያለው።

ቪልሄልም ቴምፕል ይህን ኔቡላ ያገኘው ጥቅምት 19 ቀን 1859 እ.ኤ.አ. በቬኒስ፣ በ4 ኢንች ቴሌስኮፕ ነው፣ በዓይኑ። 8 ኢንች ስላለህ መሣሪያ አይጎድልህም፣ የሚጎድልህ ጨለማ ነው። ለእኔ መመዘኛው በባዶ ዓይን ሴላኖ ናት፣ 5.4 ማግኒቲውድ፣ በኤሌክትራና በታይጌታ መካከል። እሷ ካልታየች ኔቡላውን ለመፈለግ አትድከም፣ በዘለላው ተደሰት። ከታየች ግን 25ቱን አስገባና ሜሮፔን ከእይታው ሰሜን ጠርዝ ጥቂት ውጭ አድርጋት፣ ብርሃኗ ዓይንህን እንዳይሸፍነው። ከዚያ ወደ ደቡቡ በዓይን ጥግ ተመልከት፤ ቱቦውንም በጣት ጫፍ ቀስ ብለህ ንካው። የሚንቀሳቀስ ደብዛዛ ነገርን ዓይን ከቆመው ቶሎ ይይዛል።

መስታወቱን ስለማጠብ አታስብ። ዋናው መስታወት ላይ ያለ ጥቂት አቧራ እንዲህ ያለ ጭስ አያመጣም፣ ያለ ዘዴ ማጠብ ግን ይቧጭረዋል። የምታጸዳው አይፒሱን ነው፣ ያውም የዓይኑን በኩል ብቻ። በጎማ መንፊያ አቧራውን አባርር፣ ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አድርግ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያዞርክ ጥረግ። በቤት ያለውን የእጅ ሳኒታይዘር እንዳትሞክር፤ ብዙው ግሊሰሪን ስላለበት ሲደርቅ ስስ ቅባት ይተዋል፣ ጭሱም ይብሳል።

ሰማይ_ጠቀስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልኬቱ፦ አልሲዮን ከጠርዝ ጠርዝ 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፤ ሲሰላ 61 የቅስት ደቂቃ ተኩል ገደማ። እንደተባለው ነው። ጭሱ በአልደባራንም አለ፣ በአትላስም ከሜሮፔ ይበልጣል። አይፒሱን አውጥቼ በባትሪ አግድም ሳየው ላዩ ላይ ስስ እንፋሎት ነበረበት። ኪሴ ውስጥ የነበረውን 10ሩን ስተካው ለጥቂት ደቂቃ ጠራ፣ ከዚያ ያው ተመለሰ። ጋቢ ተከናንቤ ነው የማየው፣ ከመንገድ መብራቱ ለመሸሸግ።

ደጋ_ሰማይ

ጋቢው ነው ጉዱ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ከመብራት ለመሸሸግ ከጋቢ የተሻለ የለም፤ ግን አፍና አፍንጫህን ጨምሮ ሲከናነቡት ትንፋሹ መውጫ አጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ አይፒሱ ነው የሚሄደው። ጋቢውን ከግንባርህ ጀምረህ በአይፒሱ ላይ እንደ ድንኳን ጣለው፣ ከአገጭህ በታች ክፍት ይሁን፣ አፍህንም በነጠላ ጫፍ ወደ ታች ጋርደው። አይፒሶቹን በተራ አንዱን ኪስ ውስጥ፣ አንዱን ቱቦው ላይ። ሲቀዘቅዝ ለዋውጥ። ጤዛ የያዘውን አይፒስ አትጥረግ፣ አሙቀው እንጂ፤ እርጥብ መስታወት ላይ አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ደጋው ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩም ጥርት ስለሚል የቱቦው ብረት ከአየሩ በታች ይበርዳል። ፋይንደሩ ቀድሞ ጤዛ ይይዛል፣ ቀጥሎ አይፒሱ፣ መጨረሻ ትንሹ ሰያፍ መስታወት። ከጥቁር ስስ የስፖርት ምንጣፍ ቆርጠህ የቱቦው አፍ ላይ ጠቅልለው፤ ርዝመቱ የቱቦውን ስፋት አንድ ተኩል ያህል ይሁን። ጤዛም ይከላከላል፣ የጎረቤት መብራት በጎን እንዳይገባም ይጋርዳል። ቱቦውን ከማየትህ 45 ደቂቃ ቀድመህ ውጭ አውጣው፤ ያልቀዘቀዘ መስታወት ላይ ኮከብ እንደሚፈላ ውኃ ይርገበገባል።

ስለ አንገቱ። ዘለላው በአዲስ አበባ ሰማይ ከፍተኛ ቦታው ላይ ሲደርስ 75 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው፣ ያውም በሰሜን በኩል። ዶብሶኒያን በዚያ ከፍታ ሰማይ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ ጎን ለመሄድ መሠረቱ አራት ዲግሪ ያህል መዞር አለበት፤ እያስቸገረህ ያለው እሱ ነው። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ከፍተኛ ቦታው ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው፣ በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከዚያ 2 ሰዓት ቀደም ብለህ ወይም ዘግይተህ ብታየው 58 ዲግሪ ላይ ታገኘዋለህ፤ ቱቦው ይታዘዛል፣ አንገትም ያርፋል። በጥምቀት ሰሞን እንግዲህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ በኋላ ተመልከት።

ኅዳር 12 ማታን ግን ተወው። ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሙሉ ጭስ ነው፣ በማግስቱም አይጠራም።

ለፋይንደሩ ወደ ጎን የሚያሳየው ዓይነት (ባለ 90 ዲግሪ) ይሻላል፤ ወይም ያለህን ትተህ ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ግጠም። አረንጓዴ ሌዘር ተጠቀም የሚልህ ሰው አይጠፋም። አያት ከቦሌ ሩቅ አይደለም፣ አውሮፕላን አለና እንዳትሞክረው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካርታ ለምታነቡ ሁሉ። መጻሕፍቱ የተጻፉት ዘለላውን ወደ ደቡብ ዞሮ ለሚያይ ሰው ነው። እኛ ከፍተኛ ቦታው ላይ ወደ ሰሜን ዞረን ነው የምናየው፣ ስለዚህ በባይኖኩላር ስናይ ከመጽሐፉ ሥዕል ተገልብጦ ነው የሚታየን፤ ጭራው፣ አትላስና ፕሌዮኔ ያሉበት፣ ወደ ቀኝ ይሆናል። ዶብሶኒያን ራሱ ስለሚገለብጥ መልሶ ከመጽሐፉ ጋር ይቀራረባል። ማክሱቶቭ (አጭር ቱቦ ያለው፣ ሌንስና መስታወት የሚያጣምር ዓይነት) እና ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ደግሞ በሰያፍ መስታወቱ ምክንያት ግራና ቀኝ ይቀያይራሉ። ግራ ሲገባህ ቱቦውን አቁመው፦ ኮከቦቹ የሚወጡበት በኩል ምዕራብ ነው፤ አያሳስትም።

በረሃ_ዳር (ቤር ሼቫ)

ዶብሶኒያን ለዚህ ዘለላ መጀመሪያም ምርጫ አይደለም፣ ሳትቀየሙኝ። 80 ሚሊሜትር ባለ ሌንስ፣ ፎካል ርዝመቱ 400፣ ከ25 ሚሊሜትር ፕሎስል ጋር 16 እጥፍ እያጎላ 3 ዲግሪ ያሳያል። ዘለላው መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያው ጨለማ። ሚጽፔ ራሞን አካባቢ፣ የኔጌቭ ሰማይ በሚጨልምበት፣ የሜሮፔ ኔቡላ በዚህ መጠን መሣሪያ ይሞከራል። 15 በ70 ባይኖኩላር በማቆሚያ ላይም እንዲሁ ነው፤ በእጅ ከተያዘ ግን መንቀጥቀጡ ደብዛዛዎቹን ይበላቸዋል። 127 ሚሊሜትር ማክሱቶቭ ያላችሁ አትድከሙ፤ ፎካል ርዝመቱ 1500 ነው፣ በ1.25 ኢንች ጣሪያው 1.03 ዲግሪ።

ፎቶ ለምትሞክሩ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ለኢትዮጵያ፦ የኢኳቶሪያል ማቆሚያው (የሰማዩን ዙረት ተከትሎ የሚዞረው) ዘንግ እንደ አገሩ ኬክሮስ መዘንበል አለበት፣ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ። ብዙዎቹ ማቆሚያዎች ያን ያህል ዝቅ አይሉም፣ የሚሉትም የሚዛን ብረቱ ከእግራቸው ጋር ይጋጫል። ከመግዛታችሁ በፊት ዝቅተኛው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠይቁ።

ደጋ_ሰማይ

በማክሱቶቩ እስማማለሁ። ዶብሶኒያኑን ግን አትናቀው፤ ከዘለላው ውስጥ ገብቶ ለማየት 80 ሚሊሜትሩ አይደርስበትም። ከከተማ መውጣት ለሚችል ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ስሟ ተቃራኒውን ቢናገርም ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ካልክ ይጨልማል። ብርዱን ግን አትቀልድበት።

ሰማይ_ጠቀስ

30 ሚሊሜትሩን 2 ኢንች ልገዛ ወስኛለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዘለላው በሙሉ ከገባ በኋላ ውስጡ ምን ምን ልይ? 10ሩስ ለምንም አይሆንም?

ባለ_ሌንስ

ይሆናል እንጂ። መጀመሪያ በ30ው ቅርጹን ያዝ፦ አራቱ፣ አልሲዮን፣ ሜሮፔ፣ ኤሌክትራና ማያ፣ እንደ ጭልፋ ናቸው፤ አትላስና ፕሌዮኔ እጀታው። አትላስና ፕሌዮኔ 5 የቅስት ደቂቃ ያህል ነው የሚራራቁት፣ ለባዶ ዓይን ፈተና ናቸው። የፕሌዮኔ ድምቀት ደግሞ አይረጋም፤ እጅግ ፈጥና የምትሽከረከርና ከወገቧ ጋዝ የምትወረውር ኮከብ ስለሆነች በዓመታት ውስጥ ከ4.8 እስከ 5.5 ማግኒቲውድ ትዋዥቃለች። አንድ ዘመን ሰባት የቆጠረ ሌላ ጊዜ ስድስት ቢቆጥር አይደንቅም።

ከአልሲዮን ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ የትናንሽ ከዋክብት ሰንሰለት አለ፣ ጫፉ ላይ የሚጠመዘዝ። ከራስ ወደ ትከሻ የወረደ አንድ ሹሩባ ነው የሚመስለው፣ አንዴ ካየኸው ሁልጊዜ ታየዋለህ። በ25ቱ ደግሞ ከአልሲዮን አጠገብ በምዕራብ በኩል ሦስት ትናንሽ ኮከቦች ሦስት ማዕዘን ሠርተው ታገኛለህ፣ ከእሷ ከ2 እስከ 3 የቅስት ደቂቃ ርቀት ላይ። አንዷ 6 ማግኒቲውድ ናት፣ ሁለቱ ከ8ም ይደበዝዛሉ። 10ሩን የምታስገባው እዚህ ነው፤ በ120 እጥፍ የአልሲዮን ብርሃን ይሰበሰብና ሦስቱ ጥርት ይላሉ። ካልጠሩ ወይ ጤዛ ነው ወይ መስታወቱ አልቀዘቀዘም። አስቴሮፔ የሚሏት ደግሞ ሁለት ናት፣ በ2.5 የቅስት ደቂቃ የሚራራቁ፤ ባይኖኩላርም ይለያቸዋል።

ቁጠር። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው ሥዕል 36 ከዋክብት አስቀምጧል፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ። በ8 ኢንች ከመቶ ማለፍ አለብህ። ወረቀትና እርሳስ ያዝ፣ ባትሪህን በቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልለው። ነጭ የስልክ ብርሃን አንዴ ካየህ ዓይንህ ለመመለስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል።

ለ1200 ሚሊሜትርህ ልክ የተሰፉ ሌሎች ዘለላዎችም አሉ። በፐርሲየስ ያሉት መንትያዎቹ፣ ኤንጂሲ 869 እና 884፣ በግማሽ ዲግሪ ይራራቃሉ፤ በ32 ፕሎስል ሁለቱም ከነጥላቸው ይገባሉ። በአዲስ አበባ 42 ዲግሪ ይወጣሉ፣ ከሰባቱ ከዋክብት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድመው። ኤም 35 በጌሚናይ እግር ሥር ነው፤ ጥግ ላይ ኤንጂሲ 2158 እንደ ብናኝ ይታይሃል፣ እሱም ዘለላ ነው፣ እጅግ ሩቅ። ኤም 46 ላይ 10ሩን ብትጠቀም ፊት ለፊቱ ያለችውን ትንሿን ቀለበት፣ ኤንጂሲ 2438ን፣ ታያለህ። እዚያ ደግሞ የኔቡላ ፊልተሩ ይሠራል፣ የእንጦጦ ብርድ ገንዘቡን አይቆጭ።

የእንጦጦ_ብርድ

ተቀብያለሁ። የደቡቦቹስ?

ባለ_ሌንስ

ኤም 7ን ክረምቱ ይዘጋብናል፣ ማታ ማታ ከፍ የሚለው በዝናቡ ወራት ነው። በመጋቢት ጎህ ሳይቀድ ተነሱና በደቡብ 46 ዲግሪ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እሱም 1 ዲግሪ ተኩል የሚጠጋ ነው፣ በ30ው ነው የሚታየው። በዚያው የካቲትና መጋቢት፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ የአውሮፓ ሰው የማያያቸው ሁለት አሉ፦ ኤንጂሲ 3532 በ22 ዲግሪ ከፍታ፣ አይሲ 2602 ደግሞ በ17 ዲግሪ። ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሁለተኛው እንግዲህ ሁለት ጭብጥ እንኳ አይሞላም። ደቡብ አድማሱ ላይ ተራራም ባሕር ዛፍም የሌለበት ቦታ ፈልጉለት።